የአባትሽ የዝናብ ደብተር

ልጄ፣ ዓይኔ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። ጉልበቴ ተሽሎታል። ወንድምሽም የግቢውን በር ጠግኖልኛል።

የአባትሽን የዝናብ ደብተር ለጥናትሽ ፎቶ አንስቼ ከላክሁልሽ በኋላ፣ «የሰፈራችን ዝናብ ምንም አልቀነሰም» ስትይኝ እውነቱን ልነግርሽ ተነሣሁ። እሱ ካረፈ ወዲህ ያለውን ሦስት ዓመት የሞላሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ የዝናብ መለኪያውን አያለሁ፤ በዝናቡ ወራት እንኳ ባዶ ነው፣ ሸረሪት አድርታበታለች። በእሱ ደብተር ላይ ዜሮ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በደህናው ጊዜ የጻፈውን ገለበጥኩ።

አትቆጪኝ። የጻፍሽው ሁሉ እውነት ይሁንልሽ፤ አምላክ ክፉ አያሳይሽ። ስትመጪ ግን ያን ሦስት ዓመት ሰርዢና ዜሮውን አንቺ ጻፊልኝ፤ የእጅ ጽሑፍሽ ቁርጥ የእሱን ነው።