በዘጠና አራተኛው ደቂቃ ሜዳ የነበሩት የአቶ ነገሬ መሸሻ የሕይወት ታሪክ

አቶ ነገሬ መሸሻ ከአባታቸው ከአቶ መሸሻ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተጻድቅ ሀብቴ ጥቅምት 11 ቀን 1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በኮልፌ፣ ረጲ አካባቢ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ኢዮስያስ ተወለደ። ኢዮስያስ ማለት ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ራሱን አያስገባም ይባላል፤ የአቶ ነገሬ ታሪክ ግን ያለ እኔ ቅናት ስለማይሟላ ለቀስተኞች ይታገሡኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። ለኳስ የነበራቸው ፍቅር የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። የሰፈራችን ክለብ ምዕራብ ኮከብ ሲጫወት አባታችን በትከሻቸው ተሸክመው የሚወስዱት እሳቸውን ነበር። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ የአባታችን ወገብ ታመመ። የክለቡንም ማልያ መጀመሪያ የለበሱት እሳቸው ናቸው፤ ለእኔ የደረሰኝ ክርኑ ከተቀደደ በኋላ ነው።

በ1982 ዓ.ም. አየር ጤና በሚገኝ ጋራዥ ተቀጥረው የራዲያተር ጥገና ተማሩ፤ ኋላም የራሳቸውን ቤት ከፍተው እስከ ሕመማቸው ድረስ ሠርተዋል። በሥራቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ምዕራብ ኮከብ በሚጫወትበት ቀን ግን በሩን ቆልፈው “ለቅሶ ሄጃለሁ” የሚል ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ደንበኞቻቸው ዘመዳቸው የማያልቅ ሰው እያሉ ያዝኑላቸው እንደነበር እናስታውሳለን። በ1989 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰብሌ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ኤልናታንን፣ ውዳሴንና ሉሲን ወልደዋል።

አባታችን ካረፉ በኋላ ሁለታችንም በአንድ ግቢ ስለኖርን እድሩ በአባታችን ስም ቀጠለ። ቀብር ሲኖር ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ የእድሩ ጸሐፊ “የአቶ መሸሻ ቤት!” ሲሉ “አለ!” ብሎ ይመልሳል። እኔና ወንድሜ የምንወጣው በተራ ነበር።

ሰኔ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ምዕራብ ኮከብ ከተመሠረተ ጀምሮ አይቶት ለማያውቀው ዋንጫ የመጨረሻውን ጨዋታ የሚያደርግበት ቀን ነበር። ማሸነፍ ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ አቻ አይበቃም። በዚያው ዕለት ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ዙቤዳ አረፉ። እንደ እምነታቸው ሥርዓት ቀብራቸው በዕለቱ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሆነ፤ ማለትም ልክ በጨዋታው ሰዓት። ከዚያ በፊት የነበረውን ቀብር የወጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ተራው የአቶ ነገሬ ነበር።

አቶ ነገሬ ግን ማልያቸውን ለብሰው ከበር ላይ ጠበቁኝ። “ኢዮሲ፣ አንተ ታናሽ ነህ፣ ብዙ ዋንጫ ታያለህ። የዛሬን ሂድልኝ” አሉኝ። “ጋሼ፣ ተራው እኮ የእርስዎ ነው” አልኩ። “ታላቅ ከታናሽ ጋር ተራ አይቆጥርም” ብለውኝ ሄዱ።

እኔም ወደ ኮልፌ የሙስሊም መካነ መቃብር ወጣሁ። አፈር መልሰን፣ ሸኹ ዱዓ ሲያደርጉ፣ እጃችንን ዘርግተን ሳለ ከሜዳው አቅጣጫ ጩኸት መጣ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከንፈሬን ነከስኩ፤ እንባዬ ግን አልታዘዝ አለኝ። የእማማ ዙቤዳ ልጅ ኢብራር አቅፎኝ “አይዞህ፣ ላንተም እናት ነበረች” አለኝ። ነበሩም፤ ነፍሳቸውን ይማርና ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ያን ሰዓት ያለቀስኩት ግን በቅናት ነው። ኢብራር ዛሬ ይህን ሲሰማ ይቅር ይበለኝ።

አቶ ነገሬ ያዩትን ይህ ሰፈር በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። እስከ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ አንድ ለዜሮ ተመርተን፣ ከዚያ አቻ ብንሆንም አቻው ስለማይበቃ፣ ሜዳው ዳር የቆመው ሕዝብ ተስፋ ቆርጦ መውጣት ጀምሮ ነበር። በዘጠና አራተኛው ደቂቃ ማዕዘን ምት ተገኘ። በረኛችን ሳይቀር ጎሉን ጥሎ ወጣ። ኳሷ አግዳሚውን መትታ ተመለሰች፤ አሥራ አራት ቁጥር በጉልበቱ አስገባት። አቶ ነገሬ አንድ ጫማቸውን ሜዳ ላይ ጥለው በአንድ እግር ጫማ ቤት ገቡ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሠርጉም፣ በክርስትናውም፣ በእድሩ ስብሰባም “እስቲ ያቺን ጎል” ሲባሉ ይናገሩ ነበር። በየጊዜው ቆሽቴ ያርር ነበር። ሲሳሳቱ የማርማቸው እኔ ነበርኩ፤ ያላየሁትን ከእሳቸው በላይ አውቀዋለሁና።

አቶ ነገሬ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለአንድ ዓመት ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ጠርተውኝ “ያን ቀን ተራው የኔ ነበር” አሉኝ። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ይቅርታ ሊያስከትሉ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። “ቢደገምም ግን አልሰጥህም” አሉኝና ሳቁ። እኔም ተናደድኩ፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል። ለወዳጅ ዘመዶቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶቻችን ጎን ያሳርፍልን።

ምዕራብ ኮከብ ሁለተኛውን ዋንጫ ለማንሳት የሚጫወተው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። የደጋፊ ማኅበሩ ሰዎች አስበውልኝ፣ ቀብሩ ወደ ስድስት ሰዓት ቢመጣ ለጨዋታው ትደርሳለህ ብለውኝ ነበር። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው። የሐዘንተኛ ቤት ስም እንደማይጠራ አውቃለሁ፤ የእድራችንን ጸሐፊ ግን ዛሬ የአቶ መሸሻን ቤት እንዲጠሩልኝ ለምኛቸዋለሁ። “አለ!” እላለሁ። ጋሼ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው፤ ለማንም አልሰጥም።