የጋሽ ደረጄ ጥቁር መኪና እና የእኔ አፍ

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

እዚሁ ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር ዋልኩ። እነፍቅረኛዬ እነገሊላ ቤት። ምክንያት? የእናቷ የእትዬ ሂሩት የደም ግፊት መለኪያ "ተበላሽቶ" ነው። የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ከእኔ ሌላ ማን አላቸው? ከፍቼ ባየው ባትሪ የለውም። ቀና ስል ገሊላ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ትስቃለች። ባትሪዎቹ ኪሷ ውስጥ! እኔም ኮስተር ብዬ "ጠገንኩት"፤ ምሳ ተጋበዝኩ። ይሄ መሣሪያ ዘንድሮ ስንቴ ተበላሸ? እትዬ ሂሩት ሳይገባቸው ይቀራል? አይመስለኝም።

አባቷ ጋሽ ደረጄ ግን... እንጃ። የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ናቸው። ሰውንም ሲያዩ የላላ ብሎን የሚፈልጉ ነው የሚመስሉት።

ከምሳ በኋላ ውጭ ወጣን። ጥቁሯ ላንድክሩዘራቸው ፀሐይ ላይ ቆማለች። የሕንፃው ዘበኛ በየጠዋቱ አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ እየጠረገ ኮፈኗን የሸረሪት ድር አስመስሎታል። ክብ ክብ ጭረት ብቻ።

"ማሽን ፖሊሽ ነበር የሚያስፈልጋት" አሉ። "ግን ለማን ትሰጣለህ? የጓደኛዬን ቀለም አቃጥለው ነው የመለሱለት።"

እኔ ምን አልኩ? "እኔ አለሁ አይደል ጋሼ! እሠራልዎታለሁ።"

"ትችላለህ?"

"ይሄማ ምን አላት!"

በሕይወቴ የፖሊሽ ማሽን ይዤ አላውቅም። ቪዲዮ ግን አይቻለሁ... ብዙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያለው ማን ነበር? ለእኔ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ለምናሴ ነገርኩት። አብሮኝ ቤት የተከራየው ጓደኛዬ ነው፤ እዚህ ባዲዓ ሰፈር አንድ ጣሪያ ሥር ነን። ሻዩ ትን አለው።

"የማንን መኪና አልከኝ?"

"የጋሽ ደረጄን።"

"የአማትህን?"

"ገና አይደሉም።"

"እንግዲያ አይሆኑም፣ ኸላስ፣ አለቀ!"

ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የነቢያት ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ልልክ ነበር ሐሳቤ። ሽማግሌ ደግሞ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ "ተቀመጡ" እስኪባል። የመኪናቸውን ቀለም አቃጥዬ ሽማግሌ ብልክ ማን ያስቀምጣቸዋል? እግራቸው እስኪያብጥ ቆመው ይመለሳሉ።

ታዲያ ለምን "አልችልም" አልልም? ደውዬ፣ "ጋሼ ይቅርታ፣ ዝም ብዬ ነው" ብል ምን እሆናለሁ? አልችልም። ይሉኝታ ያዘኝ። የማሽን ሰው ነኝ እያልኩ ስንቴ ጉራዬን ነዝቻለሁ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከሥራ ስወጣ እዚሁ ባዲዓ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ የመናዊ ነው፤ ወሬኛ። ሁለት ማሽን ደረደረልኝ። አንዱ ብረት መቁረጫ ግራይንደር ይመስላል፤ ዝም ብሎ አንድ ቦታ ይሽከረከራል፤ ኃይለኛ ነው። ሌላው እየዞረ ይወዛወዛል።

"ይሄኛው ለባለሙያ፣ ያኛው ለጀማሪ" አለኝ። "አንተ ምንድን ነህ፣ ወንድሜ?"

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ሁሉም የሚያዩኝ መሰለኝ።

"ባለሙያ" አልኩት።

ግራይንደሩን ሸጠልኝ። ለባለሙያ የሚሆን ጠንካራ ስፖንጅ ጨመረ። ለባለሙያ የሚሆን፣ እንደ አሸዋ የሚሻክር የቀለም መፋቂያ ኮምፓውንድም ጨመረ። ሁለት ጠርሙስ። በባለሙያ ደንብ ተሸክሜ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ የተማርኩትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

በጠዋት ከምናሴ ጋር ተሽሊህ ሄድን፤ የአሮጌ መኪና መበለቻው ሰፈር። መለማመጃ እንዲሆነኝ አንድ ጥቁር ኮፈን ገዛሁ። ጣሪያ ላይ አውጥተን ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ላይ አጋደምነው። እኩለ ቀን ነበር። የሪያድ እኩለ ቀን! ኮምፓውንዱን ጠብ ሳደርገው ወዲያው ደረቀ። ይብስ ብዬ ጨመርኩበት። ማሽኑን ስነካው... ተረጨ! ፊቴ ላይ፣ ምናሴ ላይ፣ ከሁሉ የባሰው ግን ጎረቤት ያሰጣው ነጭ የዓረብ ቀሚስ፣ ቶቡ ላይ። ምናሴ ቶቡን አቅፎ ወደ መታጠቢያ ሮጠ።

እኔ ቀጠልኩ። ማሽኑ ይጎትተኛል፤ እኔ እጫናለሁ። ጠርዙ ጋ ስደርስ አንድ ቦታ ትንሽ ቆየሁ። ትንሽ ነው! ሽታ ሸተተኝ። ሳነሣው ጥቁሩ የለም። ግራጫ። ቀለሙ አልቆ የውስጡ ወጥቷል።

ምናሴ እርጥብ ቶብ በእጁ ይዞ ቆሞ አየው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ። "አንተ ግን የምትለቅመውም የለህ።"

ይሄ የጋሽ ደረጄ ኮፈን ቢሆንስ? ፈራሁ። ሌላ ቃል የለውም፤ ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ለገሊላ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ይልቅ ጠየቀችኝ፣

"ፋሲል፣ እኔ ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ በሽተኛ ሲመጣልኝ መድኃኒቱን ከየትኛው መጠን ነው የምጀምረው?"

"ከትንሹ።"

"ለምን?"

"ካልበቃው ትጨምሪያለሽ።"

"ከበዛበትስ? አየህ፣ የሰጡትን አይመልሱትም" አለችኝ። "ሂድና ባለ ሱቁን ጀማሪ ነኝ በለው። አትሞትም።"

ማታ ሱቁ ሄድኩ። ያው የመናዊ። "ጀማሪ ነኝ" አልኩት። እንዲህ ይቀልላል እንዴ? ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ወረደ።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም፣ ያ ሐቢቢ?"

የተጠቀምኩበትን ማሽን አልቀበልም አለ። ያልተከፈተችውን ጠርሙስ ብቻ ለወጠልኝ። የአዲሱን ማሽን ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል።

ግን አሁን ዕቃው ዕቃ ሆነ። የሚወዛወዘው ማሽን ሲጫኑት መዞሩን ያቆማል፤ እንደኔ ያለውን ሰው ከራሱ ይጠብቃል። ለስላሳና መካከለኛ ስፖንጅ፤ ለየክፍሉ ንጹሕ እንዲቀየር ደርዘን። አንድ ለስላሳ ፖሊሽ፤ ሻካራው ይቅር። እንደ ሊጥ የሚለወስ ማጽጃ፤ ከታጠበ በኋላ የተጣበቀውን አቧራ ይለቅማል፤ አለበለዚያ አቧራውን በማሽን መልሼ ልፈጭበት ነው። ጠርዝና ጎማ የሚሸፈንበት የወረቀት ፕላስተር። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ብዙ፤ መሬት የወደቀ ጨርቅ መኪና አይነካም አለኝ። መጨረሻ ላይ የሚቀባ ሰም። ሌላ ሊሸጥልኝ ሲል "ይበቃኛል" አልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

የቤታችን ምድር ቤት ጥላ ውስጥ፣ ያቺው የመለማመጃ ኮፈን። በወረቀት ፕላስተር የመጽሐፍ ስፋት ያላት ቦታ ከለልኩ። ለስላሳ ስፖንጅ፣ ለስላሳ ፖሊሽ፣ ቀስ... ጠረግሁት። ፕላስተሩን ስልጠው አንዱ ወገን የሸረሪት ድር፣ ሌላው ወገን መስተዋት! ጥርሴን አየሁበት። ጮኼ ምናሴን ጠራሁት።

"ጥርስህማ ፖሊሽ ያስፈልገዋል" አለኝ። ይሁን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዓርብ ተራው የጋሽ ደረጄ መኪና ነው። ስፖንጆቹን አጥቤ አሰጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

አለቀ። ወገቤም አለቀ።

ራውዳ የሕንፃቸው ምድር ቤት። በጠዋት አጠብኳት፣ በማጽጃው ለቀምኳት፣ ጠርዙን ሁሉ በፕላስተር ሸፈንኩ። ጋሽ ደረጄ ወንበር አምጥተው ጥግ ላይ ቁጭ። ስልካቸውን ያያሉ፤ እኔን ያያሉ። አንድ ቃል የለም። ከዚህስ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ ሂሩት ሳምቡሳ ይዘው ወርደው "ልጄ፣ ብላ እንጂ" ሲሉኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ ትንሽ ቦታ ሞከርኩ። በለስላሳው ወጣ። እፎይ! ኮፈኑ፣ ጣሪያው፣ በሮቹ... ሄደልኝ።

የቀኙ የኋላ በር ላይ ግን አንድ ረጅም ጭረት አለ። ጥፍር ሲያልፍበት ይይዛል። ባልፍበት ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ደገምኩት፤ ያው። መካከለኛውን ስፖንጅ ሞከርኩ፤ ያው። ቦርሳዬ ውስጥ ያቺ የተረፈችው ሻካራ ኮምፓውንድ አለች። ለምን ይዣት መጣሁ? አወጣኋት። ክዳኗን ከፈትኩ። ጋሽ ደረጄ ስልካቸውን አስቀመጡ። መኪናዋ በሙሉ አብርታ ይቺ አንድ ጭረት ብቻ ስትቀር... የሰው ዓይን የሚያርፈው እሷ ላይ አይደል?

ግራጫው ትዝ አለኝ። ሽታው ትዝ አለኝ። ክዳኗን መልሼ ዘጋሁ። ሰሙን ቀብቼ ጨረስኩ።

ጋሽ ደረጄ "ነገ በብርሃን አያታለሁ" ብለው ወንበራቸውን ይዘው ወጡ። በቃ። አመሰግናለሁም የለ። እንዴት ልተኛ ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

በባትሪ ብርሃን ነው ያዩዋት። አውሮፕላን እንደሚፈትሹ፤ ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ። እኔ ከኋላ ከኋላ። የኋላው በር ጋ ቆሙ። ጣታቸውን አስኬዱበት።

"ይሄስ?"

"አልወጣም ጋሼ።"

"አልወጣም ወይስ አልቻልክም?"

ገሊላ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስንት ነገር እቀባጥር ነበር! ፋብሪካው፣ ቀለሙ፣ ፀሐዩ...

"ሁለቱም" አልኳቸው። "ጥልቅ ነው። ላውጣው ብል ቀለሙን እጨርስብዎታለሁ። ደግሞ... ጋሼ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ። መኪና በማሽን ፖሊሽ ሳደርግ ይቺ የመጀመሪያዬ ናት።"

ባትሪውን አጠፉ።

"ፕላስተሩን ስትለጥፍ ገብቶኛል" አሉ። "የለመደ ሰው እንደዚያ አይፈራም። ጠርሙሷን ስትከፍት ግን ልነሣ ነበር።"

ባትሪውን ኪሳቸው ከተቱ።

"እኛ ሥራ ቤት ያልተሠራውን ጽፈህ ካልፈረምክ አውሮፕላኑ አይነሣም። የሠራውን የሚያወራ ሞልቷል።" ወደ ደረጃው ጥቂት ሄዱና ዞር ሳይሉ፣ "ጾሙ ኅዳር አጋማሽ ነው አይደል የሚገባው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ከዚያ በፊት ያለው ዓርብ የትም አልሄድም። ቤት ነኝ።"

ሄዱ። ገሊላ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔስ? መኪናዋን ተደገፍኩ። ከዚያ የጣት አሻራዬን በጨርቅ ጠረግሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሽማግሌ መረጣ። ምናሴ፣ ሽማግሌዎቹን አቶ ደመቀ ይምሯቸው ይላል፤ ድምፃቸው ከባዲዓ ጉበይራ ሰፈር ድረስ የሚሰማ፣ ተከራክረው የማይረቱ። መጀመሪያ የእኔም ሐሳብ እሳቸው ነበሩ። ገሊላን ስጠይቃት ምን አለች? "በለስላሳው ጀምር።"

ስለዚህ ጋሽ ረታ ይምሯቸው። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ቤት ዋልኩ። የሚያገባው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይሄድም። ምናሴ "ያላ፣ ተቀመጥ፣ ወለሉን ጨረስከው" ይለኛል። ስልኬን በማይክሮፋይበር ስጠርግ ነበር የዋልኩት።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ረታ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ቀስ ያለ ነው፤ ምንም አያስታውቅም!

እንደነገሩኝ፣ ቆመው ተናገሩ። "ልጃችን ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው..." ሊቀጥሉ ሲሉ ጋሽ ደረጄ እጃቸውን አነሡ።

"ምስጋናውን ተዉት። ጉድለቱን ንገሩኝ።"

ጋሽ ረታ ስንት ቤት ሽማግሌ ሄደዋል፤ እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም። ጓደኞቻቸውን አዩ። እነሱም እሳቸውን አዩ። ምን ይበሉ? መዋሸት አልቻሉም።

"አፉ ይቀድመዋል" አሏቸው።

ጋሽ ደረጄ ሳቁ ይላሉ። እኔ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

"እሱንማ አውቃለሁ" አሉ። "ተቀመጡ።"

ተቀመጡ! ወንበሮቹ ቀድመው ተደርድረው ነበር አሉኝ።

ጮክ ብዬ የሆነ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት። ምናሴ አቅፎኝ ነበር፤ ጀርባዬን ይደበድበኛል። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ወዲያው እትዬ ሂሩት ደወሉ። እንኳን ደስ ያለህ አላሉኝም።

"ልጄ፣ የመለኪያዬን ባትሪ መልሱልኝ። ከእንግዲህ ሳይበላሽም መምጣት ትችላለህ።"