በየክረምቱ ከደሴቱ የሚመጣው ጥቅል

ሁዎን ሸለቆ፣ ታዝማኒያ
ኦገስት 2

ይድረስ ለባሌ ወንድም፣

እንደምን ከርመሃል? በዚያች ትንሽ ደሴትህ ነፋሱና ባሕሩስ እንዴት ይዘውሃል? ጤናህን ለመጠየቅ አፍ እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ መጀመር አልችልበትም። እኔ ከሳሉ በስተቀር ደህና ነኝ። ልጄ ጋረትም ደህና ነው፤ ዝናቡ አላሠራው ብሎት እየተነጫነጨ የፖም ዛፎቹን ይገርዛል።

የወንድምህን ሞት የሰማኸው ከእኔ እጅ ነው። በላክኸው ጥቅል ላይ፣ ከስሙ ጎን፣ በቀይ እስክሪብቶ «ሞቷል፤ ለላኪው ይመለስ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለባዕድ እንኳ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሜይ ዘጠኝ ማለዳ ላይ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ነው የሞተው። አንደኛውን እግር አስሮ ነበር። ጋረት በቀብሩ ቀን «አጎቴ ተነግሮታል?» ሲለኝ «ተጽፎለታል» ብዬ ዋሸሁት።

ኑዛዜው የውርስ አጣሪ ያደረገው እኔን ነው። ጠበቃዋ ሚስ ፔትሪ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ አስቀምጣ በእርጋታ አስረዳችኝ። በስሙ የሚመጣውን ሁሉ ክፈቺ፣ የመሥሪያ ቤቶቹን ለእኔ አምጪልኝ፣ ማስታወቂያውን ሞቷል ብለሽ መልሺው፣ ሰው በእጁ የጻፈውን ግን እንዳትመልሺ፣ አንቺው ራስሽ ጻፊለት አለችኝ። ከዚያ «በሕይወት እያለ ደብዳቤውን ብትነኪበት ወንጀል ነበር፤ አሁን ግን ግዴታሽ ሆነልሽ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሁለት ወር ሙሉ ያቺን ቃል ስጽፍ እጄ ለመዳት። በዘር ካታሎጉ ላይ ጻፍኩ፣ በትራክተር መጽሔቱ ላይ ጻፍኩ። ያንተ ጥቅል ግን በልማድ ያለፈ እንዳይመስልህ። መንገድ ዳር ያለው አሮጌው የወተት ጋን ዛሬም የፖስታ ሳጥናችን ነው፤ ገና እጄን ስሰድ ያን ወደ ኋላ የተጋደመ የግራኝ ጽሕፈትህን አየሁና አወቅኩት። አውቄ ነው የመለስኩት። ፖስታ የሚያመላልሰው ክላሪ ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠውና «ዘንድሮስ እውነቱን ጻፍሽ» አለኝ። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ስለዚህ ልናዘዝልህ። እስከ ዘንድሮ ድረስ የምጽፈው «በዚህ አድራሻ የለም» የሚል ነበር። ከሠላሳ ክረምት በላይ እንዲህ አደረግሁ፤ ወንድምህ እዚያው ጓሮ ውስጥ ሲያፏጭ እየሰማሁት። ደብዳቤ ማምጣት የእኔ ሥራ ስለነበር አንዱንም አላየም። ጥቅሎቹን አልከፈትኳቸውም፤ ግን በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ቀንበጥ የፖም ገበሬ ሚስት በመዳሰስ ታውቀዋለች። የአባታችሁ ፖም መሆኑንም አውቄ ነበር። ሸለቆውን ያወደመው ታላቁ እሳት ያን ዛፍ ከበላው በኋላ፣ በዓለም ላይ የቀረው አንተ ስትሄድ በሻንጣህ ከወሰድከው ቀንበጥ የበቀለው ብቻ ነው። ወንድምህ በየለቀማው ወራት «ያባቴን ፖም አንዴ ቀምሼ ብሞት» ይል ነበር። ሳይቀምስ ሞተ።

ቀንበጡ ምን አደረገኝ? የፈራሁት ከቀንበጡ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ነው። አንተ የሄድክበትን ዓመት የለቀማ ወራት ታስታውሳለህ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ባለፈው ማክሰኞ በጎተራው ያሉ ዕቃዎቹን ለጠበቃዋ ስመዘግብ፣ የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ በሌላው ግንድ ላይ ሲቀጥል የሚቀባውን ሰም የሚያስቀምጥበትን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ከሥሩ አንተ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በማርች የጻፍክለት ደብዳቤ ወጣ። ያን ሳምንት እኔ ለሐሞት ከረጢቴ ሆባርት ከተማ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፤ ለካ ጋኑን የከፈተው እሱ ነው። ወረቀቱ በመታጠፍ ብዛት መሐሉ ሊበጠስ ደርሷል። አጣሪ ነኝና አነበብኩት። ስለ ጉልበቱ ትጠይቀዋለህ። ያ ቀይ ውሻ አለ ወይ ትለዋለህ። ቀንበጦቹ እየተመለሱብኝ ነው፣ ተቀይመኸኝ እንደሆነ ንገረኝ፣ ዝም ካልከኝ ግን በየክረምቱ መላኬን አልተውም ትለዋለህ። ስለ ሌላ ነገር አንዲት ቃል የለችበትም። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ወረቀት ስለ ጉልበትና ስለ ውሻ ነበር።

ከሆስፒታል ስመለስ ደብዳቤ ማምጣቱን እሱ እንዳይይዘው ፈርቼ ነበር። እሱ ግን «ያንቺ ሥራ ነው፣ ያንቺው ይሁን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ክላሪ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝና «ምን መጣ?» ይለኝ ነበር። «ምንም» እለዋለሁ። ትንሽ ያየኝና «እሺ» ብሎ ይገባል። እኔ ሥራ ፈትቶ ነው እል ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንድነግረው በሩን ከፍቶልኝ ኖሯል።

ከዚያው ዓመት ጀምሮም በረድፉ ጫፍ ላይ ምንም ያልተቀጠለበት ባዶ ግንድ ያቆም ነበር። ያለፈው ሲያረጅ ነቅሎ ሌላ ይተካል። «ዱላ ልታመርት ነው?» ብዬ እስቅበት ነበር። «ይቆይ፣ የሚቀጠልበት ይመጣል» ይለኛል። አንዲት ቃል ቢናገረኝ ምን ነበረበት? ልንገርህ፣ ተናድጄበታለሁ። ከቀበርኩት ወዲህ ያለቀስኩት ግን ያን ግንድ ቆሜ ያየሁ ዕለት ነው። ለአንተስ ለምን እንዳልጻፈልህ እዚያው ቆሜ ገባኝ። ቢጽፍልህ እኔ እጋለጥ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጋረት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወንድምህ አንተ ትተኸው የሄድከውን መቀጠያ ቢላ ከጣሪያው ሥር አወረደ። ስለቱ ለግራኝ የወጣ ስለሆነ ከእኛ ማንም አይጠቀምበትም ነበር። ግራኝ ሆኖ ያደገውን ልጅ ጠርቶ «እንካ፣ ለአንተ እጅ የተሠራ ነው» አለው። እኔ እዚያው ድንች እልጣለሁ። ቀና ብሎ አላየኝም። ያን ጊዜ ስለ ቢላው ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

አሁን ጋኑን የሚከፍተው ጋረት ነው፤ እኔ እጄን አንሥቻለሁ። ብትልክ ይደርሳል። ግን አትላክ፤ ከዛፉ አዲስ ቀንበጥ ቆርጠህ በእጅህ አምጣው። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ግንዱ ውኃ ይስባል፤ የሚቀጠለው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለዘንድሮ አይሆንም። ቢላው ተስሏል፤ የሚይዘውም ሰው አለ። እንዴት እንደሚቀጠል ከአንተ እጅ ቢያይ ደስ ይለኛል። ይህን ደብዳቤ አልቀበልም ካልክም አድራሻዬ ከጀርባው አለ፤ እኔ የጻፍኩብህን ብትጽፍብኝ አልቀየምም።

ባሕሩ በሰላም ያሻግርህ። እኔንም እስክትመጣ ያቆየኝ።

የጋረት እናት