መዳፍ የማይቧጭር ብሎን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? እማዬ «ስሙን በቤቴ እንዳልሰማ» ካለች ወዲህ እኔም አፌን ዘግቼ አራት ዓመት ስለ እሱ አልጠየቅኩሽም፤ አትቀየሚኝ። እኛ ደህና ነን። የእማዬ ዓይን ግን ደክሟል፤ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው።

ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ አንጀቴን ብትበላኝ፣ ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር መደገፊያ እንጨት ሠራሁላት። ሥራ በዝቶብኝ ነበርና ብሎኖቹን ለግብር ይውጣ አጥብቄ ሄድኩ። የብሎኖቹ ራስ ከእንጨቱ ላይ አፍጥጦ ቀረ። አናጺ ነኝ ባይ፣ ለገዛ እናቱ!

በሳምንቱ መዳፏን በሻርፕ ሸፍና አገኘኋት። ገልጬ ባየው ተልጧል። ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት፣ «ልጄ የሠራልኝን ምን ብዬ ላማርር» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔውኑ ብሎኖቹን ፈታሁና የየቀዳዳውን አፍ በወፍራም የመሰርሰሪያ ፑንታ ከላይ ሰፋ፣ ወደ ውስጥ ጠበብ አደረግኩት። የመጀመሪያው ላይ እጄ ከበደና ብሎኑ ሰጥሞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጥቂት እየበሳሁ፣ ብሎኑን እየሞከርኩ፣ ራሱ ከእንጨቱ እኩል እስኪተኛ በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ።

እንጨቱ የሚያልቅበት ስደርስ ከዚያ ወዲያ ባለው ባዶ ግድግዳ ላይ የደረቀ የደም አሻራ አየሁ፤ እስከ አንቺ ክፍል በር ይሄዳል። ከፍቼ ብገባ፣ የአልጋሽ ጠርዝ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። እማዬን ስጠይቃት፣ «ክፍሉ እንዳይታፈን መስኮት ልከፍት ነው» አለችኝ። ያንን መስኮት አንቺ እያለሽ እንደቸነከርኩት ታውቂያለሽ። እሺ አልኳት።

እንጨት ጨምሬ መደገፊያውን እስከ በርሽ ቀጠልኩት። ስጨርስ እማዬ ከአልጋዋ ተነስታ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳርፋ ሄደች። የትም አልቆመችም፤ ገብታ አልጋሽን በስንዝር ለካችው።

«ይሄ ለሁለት ሰው ይጠባል። አንተ አናጺ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ።

ስለዚህ እታለም፣ የባለቤትሽን ቁመት ቶሎ ጻፊልኝ። እንጨቱን መርጫለሁ። ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይጥፋ፤ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።

ታናሽ ወንድምሽ