ነፃነት የገጠመችው ኮምፒውተር

ልጄ ጌድዮን፣ ያለህበት አገር ሰው ይውደድህ፣ ብርዱም ይራራልህ። እኛ ደህና ነን። የሁሩሙው ቡናችን ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ መቱ ላይ ግን ዝናቡ አላባራ ብሏል።

ለእህትህ ለነፃነት ሳይገጠም በየዕቃው የላክህላትን ኮምፒውተር ነገር ላጫውትህ። ራሷ ገጥማ ጨረሰችና ማብሪያውን ብትጫነው ዝም አለ። ሶኬቱ እንዳይሆን ብላ መብራት ሰካችበት፤ በራ። ጠጋኙ ካሚል መጥቶ አየውና፣ «ዺሳ፣ ይተዉት እትዬ ወርቄ፤ ተቃጥሏል። ለመለዋወጫ እኔ ልውሰደው» አለኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«ከቤቴ አይወጣም። የገጠመችው እሷ ናት፤ የምትፈታውም እሷ ናት» አልኩት። አንተም በስልክ «ለካሚል ስጡት፣ የተገጠመ እልካለሁ» ስትል እንቢ ያልኩህ ለዚሁ ነው።

በማግስቱ ሁሉንም ፈትታ እንደገና ገጠመችው። አሁንም ዝም። ከዚያ የማብሪያውን ሽቦ ነቀለችና፣ መመሪያው ላይ የሽቦው መሰኪያ ተብለው የተሳሉትን ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ስታደርጋቸው ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ለካ ሁለቱንም ጊዜ ሽቦውን የሰካችው ከቦታው አጠገብ ኖሯል።

«እማዬ፣ አልተቃጠለም» ብላ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ካሚልን አስጠርቼ አሳየሁት። ሲሠራ አይቶ ሳቀና፣ «ሱቄ መጥታ ትሥራ» አለኝ። «እናስብበታለን» አልኩት።

ስለዚህ የተገጠመ እንዳትልክ። ይልቅ ደውልላትና «ጎበዝ» በላት፤ ከእኔ ሰምታዋለች፣ ካንተ ግን አልሰማችም። የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ ክፉ አይይህ።

እናትህ ወርቄ