የሊያ እጅ ገና አልደረሰም

ማርታዬ፣ የልጄ እናት፣

ከተለየሽን ድፍን ዓመት ሆነ። ዘመድ ተሰብስቦ ጸልዮ ሄደ፤ እኔ ግን የሆዴን የምነግረው ሰው አጣሁ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንቺን ዋሽቼሽ ስለማላውቅ ተውኩት።

የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አንቺ እንደምታውቂው አይደለም። ልጆችሽ ጭቃ የሚያቦኩበት፣ ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱበት ጥግ በሲሚንቶ ተደፍኖ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል። በአንቺ ቦታ የመጣችው ኃላፊ ከጠዋት እስከ ምሳ እዚያ ላይ አስቀምጣ ፊደል ታስጮኻቸዋለች። ተነስቶ ለሚሮጥ ሕፃን አርጩሜ አለ። ለአብዮት በዓል ደግሞ ባህል አዳራሽ ወስዳ እስከ መቶ አስቆጠረቻቸው፣ መፈክር አሰማቻቸው። ወላጁ አጨብጭቦ አልጠግብ አለ።

ልጆቻችንን በጭቃ ታጫውታለች ብለው ወላጆች የከሰሱሽ ያ የቀበሌ ስብሰባ አይረሳኝም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ተነስተው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው በተረት ሲወጉሽ፣ አንቺ ምንም ሳትቆጪ፣ የሚያቦኩት ለራት ሳይሆን ለእጃቸው ነው፣ እርሳስ የሚይዝ እጅ አስቀድሞ ጭቃ ይልመድ አልሻቸው። ሰዉ ሳቀብሽ። ሊቀመንበሩም ሠርቶ አደሩ ልጁን የሚልከው ለጨዋታ አይደለም ብሎ ማስጠንቀቂያ ሰጠሽ። እኚያው እትዬ አስካለ ቀብርሽ ላይ ከሁሉ በላይ አለቀሱ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃችንን ሊያን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ይዘሻት ትወርጂ ነበር። ዓሣውን ትልቁን ከትንሹ ታስለያታለሽ፣ የጀልባውን ቀለም ታስጠሪያታለሽ። ልጅቷ መሳቋን እንጂ መማሯን አታውቅም ነበር።

አሁን ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በቃሏ ትወጣዋለች። ያየኝ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። እኔ ግን በቀደም ከሥራ ስመለስ፣ አንቺ ከቁራጭ ጨርቅ የሰፋሽላትን አሻንጉሊቶች ግድግዳ ሥር ደርድራ በአርጩሜ ስትገርፋቸው አገኘኋት። ምን አጠፉ ብላት፣ ሁለቱ ፊደል ተሳስተዋል፣ አንዷ ደግሞ ስቃለች አለችኝ። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

በዚህም አላበቃም። ኃላፊዋ የቀበሌው ስም እንዲጠራላት፣ ሊያ በአምስት ዓመቷ አንደኛ ክፍል ካልገባች ብላ ያዘችኝ። እስቲ ይሁን ብዬ ምዝገባ ወሰድኳት። መዝጋቢው እንደ ደንቡ፣ ዕድሜዋ ለትምህርት መድረሱን ሊያይ፣ ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፈሽ ግራ ጆሮሽን ንኪ አላት። አልደረሰችም። ኃላፊዋ አንገቷን አዘነበለቻት፣ ክንዷን ጎተተችው። ልጅሽ እንባዋ እየወረደ ልደርስ ነው፣ ልደርስ ነው ትላለች። ማርታ፣ ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ክንዷን አስለቀቅኩና አልደረሰችም ብለህ ጻፍ አልኩት መዝጋቢውን። ኃላፊዋ በሰው ፊት ኋላ ቀር አለችኝ፤ ቀበሌ አስጠራሃለሁ ብላም ዛተች። ታስጠራኝ!

ወደዚያ መዋዕለ ሕፃናት አልመለስኳትም። ቀን ቀን መናኸሪያ አጠገብ ከምሠራበት ጋራዥ ከእኔ ጋር ትውላለች። የተቃጠለ ዘይትና የዛገ ብረት መሀል ልጅ እንደማይውል አጥቼው አይደለም፤ የት ልውሰዳት? ማንን ልመን? አንዳንዴ አንቺንም እቆጣሻለሁ፤ ይህን ሁሉ ትተሽብኝ መሄድሽ ያናድደኛል።

እሷ እንደሆነች ዛሬም አልተወችውም። ሰው ያላያት ሲመስላት ክንዷን በራሷ ላይ አሻግራ ጆሮዋን ትፈልጋለች። ትናንት ምሳ ስንበላ፣ እናቴ ብትኖር ታፍርብኝ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንጀራውን ትቼ አቀፍኳት። በአንቺ ምትክ ብዙ ነገር ነገርኳት፤ ማመኗን እንጃ።

እኔ እስካለሁ አልረሳሽም፤ እሷም እንዳትረሳሽ ስላንቺ እነግራታለሁ። አሁን ግን፣ ማርታዬ፣ ከአንቺም በፊት እንድታስታውስ የምፈልገው መጫወትን ነው።

ባልሽ ታደሰ