አቶ ወልደ ሩፋኤል አሻግሬ እና ኬላ ያለፈው የጥርስ ሙሌት

አባታችን አቶ ወልደ ሩፋኤል አሻግሬ ከአባታቸው ከአቶ አሻግሬ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናናዬ ላቀው በ1926 ዓ.ም. ዳባት ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ተከታትለው በ1948 ዓ.ም. ጎንደር በጤና ረዳትነት ሠለጠኑ። ጥርስ መሙላት የተማሩት ደባርቅ አብረዋቸው ከሠሩ አንድ የውጭ ሐኪም ነው። በ1951 ዓ.ም. ከእናታችን ከወይዘሮ ያለምወርቅ ታገኘ ጋር በተክሊል ተጋብተው አራት ልጆች አፈሩ።

በሕይወት ሳሉ የማይናገሩት አንድ ነገር ነበር፤ እናታችን ዛሬ ይነበብ ስላሉ ጻፍነው።

በ1970 ዓ.ም. የእናታችን ታናሽ ወንድም መምህር ደምለው በደርግ ይፈለግ ነበር። ለየኬላው በተላከው ምልክት ላይ «የላይ ፊት ጥርሱ ተበልቶ የጠቆረ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እናታችን ጥርሱ ይነቀል ብለው ለመኑ። አባታችን ግን የጎደለ ጥርስ የባሰ ዓይን ይስባል፣ ብርማው ሙሌትም ከሩቅ ያብረቀርቃል አሉ። ጥርስ የሚመስል ሙሌት ሁለት ዓይነት ነበራቸው። ዱቄቱ በፈሳሽ የሚለወሰው መልኩ ከጥርሱ አይለይም፤ አፍ ሲደርቅ ግን እንደ ኖራ ይነጣል። ከሁለት ብልቃጥ የሚደባለቀው ትንሽ ቢጫ ቢሆንም መልኩን አይለውጥም፤ ነገር ግን ጊዜው ስላለፈበት ቶሎ ሊወልቅ ይችላል፣ የቀረውም ለአንድ ጥርስ ብቻ የሚበቃ ነው። እናታችን ጥርሱን ቁርጥ የሚመስለው ይሁን ሲሉ አባታችን እንዲህ አሉ፦

«ኬላ ላይ ምራቅ የሚኖረው ሰው የለም። ፍርሃት አፍ ያደርቃል፤ ቢጫው ይሁን።»

የደምለውን ጥርስ በቢጫው ሞሉለት። በማግስቱ ወደ ሱዳን ሊሻገር ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው አውቶቡስ ተሳፈረ። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ወሬው ጠፋ። እናታችን እህል አልወርድ አላቸው፤ አባታችንም የበሽተኛ አፍ አስከፍተው ምን ሊያደርጉ እንደነበር ይረሱ ጀመር። በሃያኛው ቀን ሾፌሩ አቶ ሽበሺ ጥርሴን አመመኝ ብለው መጥተው፣ ድብ ባሕር ኬላ ላይ ጠባቂዎቹ ደምለውን ወደ ፀሐይ አዙረው አፉን አስከፍተው ብዙ ካዩት በኋላ እንደለቀቁት በሹክሹክታ ነገሯቸው።

አባታችን ግን አላረፉም። ድንበር ሳይሻገር ሙሌቱ ወልቆ ይሆን እያሉ አሥራ ሦስት ዓመት ሲጨነቁ ኖሩ። በ1983 ዓ.ም. ደምለው ከሱዳን ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሙሌቱ ነው። ገዳሪፍ በገባ በሦስተኛው ሳምንት መውለቁን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ደምለውም «ጋሼ፣ እዚያ ማን አፌን ከፍቶ ሊያየኝ» አላቸው። ያን ዕለት አባታችን አለቀሱ።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 1987 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆችን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሥጋት በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ እናንተም ከየአገሩ መጥታችሁ ስላስተዛዘናችሁን ብድራችሁን ይክፈልልን።